ዝሆኔና የዘር ጥያቄ በምሥራቅ ጎጃም

ከግንደወይን እስከ ሞጣ፣ ከቢቸና እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው የምሥራቅ ጎጃም ገጠር ልጁን ለመዳር የሚያስብ ቤተሰብ ሽማግሌ ከመላኩም ሆነ ከመቀበሉ በፊት አጥንት ይቆጥራል። ዝምድና እንዳይገኝ እስከ ሰባት ቤት ይወርዳል፤ መሬቱን፣ ከብቱን፣ ጠባዩን፣ የአባትየውን ስም ያጣራል። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቅ ሌላ ነገር አለ፤ በዚያ ቤት ቁምጥና ወይም ዝሆኔ ታይቶ ያውቃል ወይ? ታይቷል ከተባለ የጋብቻው ወሬ እዚያው ሊቆም ይችላል። እግሯን ምንም ያልነካት ልጃገረድ በአያቷ እግር ምክንያት ፈላጊ ታጣለች፤ ወንድሟም ዕድሜው ከገፋ በኋላ እንደ እርሱ ከተገፋ ቤት ብቻ ሚስት ይፈልጋል። ይህ ልማድ ከድንቁርና የተወለደ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የጎጃም ገበሬ ያየው ነገር ግን እውነት ነበር፤ ዝሆኔ በእርግጥ በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። የተሳሳተው ካየው ነገር ተነሥቶ የሰጠው ፍርድ ነው። ያንን ስሕተት ለይቶ ለማሳየት የዘረመል ምርምር አስፈልጓል። በዚህ ምርምር ውስጥ ትልቁን እርምጃ ከተራመዱት አንዱ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ከአፈሩ መነሣት ይገባል። የጮቄ ተራራ በጥንት ዘመን ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ያ ድንጋይ በዝናብና በዘመን ብዛት እየተፈረፈረ፣ እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ውሃው አወራረድ፣ ሜዳው ላይ ዋልካ፣ ተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር ሆኗል። የቢቸናን ጤፍ የሚያበቅለው ዋልካ ነው፤ ዝሆኔን ያጠኑ ሰዎች ግን ጣታቸውን የሚቀስሩት በቀዩ ላይ ነው። በሽታው የሚገኝባቸው አገሮች ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ከፍታ ያላቸው፣ ዝናብ የሚበዛባቸው፣ አፈራቸው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ፣ ሕዝባቸውም በባዶ እግሩ የሚያርስ። እጅግ የደቀቀው የአፈር ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ከውስጥ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን የሊምፍ ሥሮች ያስቆጣል፤ ቁጣው በዓመታት ውስጥ ጠባሳ ይሆንና ሥሮቹን ይዘጋል። እግር ከታች ጀምሮ ያብጣል፤ ቆዳው ይጠነክራል፤ በየጊዜው ትኩሳትና ከባድ ሕመም እየተነሣ ሰውየውን አልጋ ላይ ይጥለዋል። በደጋው ያለው ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፈውና በቆላማው ምዕራብ ከሚገኘው የትል ዝሆኔ የተለየ ነው። ትል የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። እባብ ወይም እንቁራሪት በመርገጥ ይመጣል የሚባለውም፣ ርግማን ነው የሚባለውም መሠረት የለውም።

በዚህ አገር የእግር ታሪክ ማለት በአመዛኙ የባዶ እግር ታሪክ ነው። ጫማ ለረጅም ዘመን የመኳንንት፣ የካህናትና የነጋዴ ምልክት ነበር። ገበሬው በሬ ጠምዶ ሲያርስ፣ ሴቲቱ ውሃ ስትቀዳ፣ እረኛው ከብት ሲከተል መሬቱን የሚረግጡት በቆዳቸው ነው። ከጎማ የሚቆረጠው በረባሶ፣ ከዚያም የላስቲኩ ኮንጎ ገጠሩን ከደረሱት በኋላ እንኳ ጫማ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን መሄጃ ተብሎ ይቀመጥ እንጂ ለእርሻ አይደረግም ነበር። ይህ ለጉዳዩ ትልቅ ትርጉም አለው። አፈሩ እግርን የሚያገኘው በክት ቀን መንገድ ላይ ሳይሆን በየዕለቱ ሥራ ላይ ነው፤ ያውም ከልጅነት ጀምሮ። እብጠቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው በጉርምስና ወይም በወጣትነት ስለሆነ፣ ማለትም ልክ ጋብቻ በሚታሰብበት ዕድሜ፣ በሽታውና የዘር ጥያቄው በሰው ሐሳብ ውስጥ አብረው መኖራቸው አያስገርምም።

በሽታው ከትል የመጣ እንዳልሆነ የተረጋገጠው ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ገበያዎች እየዞሩ እግር የቆጠሩ ሐኪሞች ዝሆኔ በደጋው ምን ያህል እንደተስፋፋ አሳዩ። ከሁሉ ይልቅ ሕይወቱን ለዚህ ነገር የሰጠው እንግሊዛዊው የሥጋ ደዌ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር። ፕራይስ የበሽታውን ካርታ ከአፈር ካርታ ጋር አስተያየ፤ በባዶ እግራቸው ይሄዱ ከነበሩ ሰዎች የተወሰዱ ንፍፊቶችንም መርምሮ የአፈር ማዕድናትን አገኘባቸው፤ በመጨረሻ ዛሬ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም አወጣ። የዕድሜውን ሥራ የሰበሰበበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ፕራይስ የአፈር ሰው ነበር፤ ይሁን እንጂ አፈር ብቻውን የማይመልሰውን ጥያቄ አልሸሸም። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ማሳ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ባዶ እግር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱ ኖረው አንዱ ሲያብጥ ሌላው የሚድነው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ በሽታው በቤተሰብ ውስጥ እንደሚሰባሰብ አሳይቶ የዘር ምክንያት ሊኖረው ይችላል አለ። የጎጃም ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት ነገር በዚህ መልኩ የሳይንስ ጥያቄ ሆነ።

ጥያቄው ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ተዳፍኖ ቆየ። ዝሆኔ የድሃ ገበሬ በሽታ ነው፤ ጎብኚንም ወታደርንም አይዝም፤ ስለዚህ ለእርሱ ገንዘብ የሚያወጣ አልነበረም። ነገሩን ያነሣው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል የተሰባሰበ ቡድን ነው፤ በዚያ ታስተምር የነበረችው ጌይል ዴቪና ወጣቱ ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ በውስጡ ነበሩ። የዶክተር ፋሲል የጥናት ጉዞ የተጀመረው ከጂን አልነበረም፤ ከገንዘብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዳመን ኃይለ ማርያምና ከጌይል ዴቪ ጋር ባሳተሙት ጥናት ዝሆኔ የወላይታን ዞን ብቻ በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያሳጣው አሰሉ። ይህ አጀማመር ብዙ የሚናገር ይመስለኛል፤ ወደ ዘረመል የገባው ሰው አስቀድሞ የታማሚውን የጠፋ የሥራ ቀን የቆጠረ ሰው ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በወላይታ 59 ታማሚ ያለባቸው ባለ ብዙ ትውልድ ቤተሰቦች የተመዘገቡበት ጥናት ወጣ። ዝሆኔ ያለበት ሰው ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነትም 63 በመቶ የሚሆነው በውርስ የሚመጣ እንደሆነ ተገመተ።

ቁጥሩ የሽማግሌዎቹን ጥርጣሬ የሚያጸድቅ ይመስላል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ወንድማማቾች ከአባታቸው የሚወስዱት ደም ብቻ አለመሆኑ ነው። ያንኑ ማሳ፣ ያንኑ ድህነት፣ ያንኑ የጫማ እጦት ይወርሳሉ። ቤተሰብ መመሳሰሉ ከደም ይሁን ከኑሮ ለመለየት ደሙን ራሱን መመርመር ያስፈልግ ነበር። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር ፋሲልና ባልደረቦቻቸው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ነው። የወላይታ ተወላጅ ከሆኑ 194 ታማሚዎችና 203 ጤነኞች የተወሰደው ናሙና ሙሉ የዘረመል ቅኝት ተደርጎለት፣ ልዩነቱ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ኤችኤልኤ በሚባሉ ጂኖች አካባቢ ተገኘ። ውጤቱ ወላጆችና ልጆች አንድ ላይ በተመረመሩባቸው ቤተሰቦችም ተፈተሸ። እነዚህ ጂኖች የሰውነት መከላከያ ኃይል ባዕድ ነገርን አይቶ እንዲለይ የሚያደርጉ ናቸው። ሰውነቱ የአፈሩን ብናኝ ሲያገኝ ዝም የሚል ሰው አለ፤ በቁጣ የሚነሣም ሰው አለ፤ ዝሆኔን የሚያመጣው ያ ቁጣ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከወላይታ በተጨማሪ አማራንና ኦሮሞን ያካተተ፣ 1,892 ሰዎች የተሳተፉበት ሁለተኛ ጥናት ወጥቶ ምልክቱን በዚያው የኤችኤልኤ ሰፈር አገኘው። ጥያቄው ስለዚህ የወላይታ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የጎጃምም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። አንድ አስተዋይ ሽማግሌ ይህን ሰምቶ፣ «እንግዲያው ልክ ነበርን፤ በዘር የሚወርድ ከሆነ ልጃችንን ከዚያ ቤት ብንከለክል ምን አጠፋን?» ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስ ይገባዋል። የመጀመሪያው መልስ የቁጥር ነው። በሁለተኛው ጥናት ዋናው የዘረመል ምልክት የመታመምን ዕድል ከፍ የሚያደርገው በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። የሚያጋልጡት የጂን ዓይነቶች በጤነኞቹም ዘንድ የሚገኙ የተለመዱ ልዩነቶች ናቸው፤ የአንድ የተረገመ ቤት ንብረት አይደሉም። ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይጠነክራል። ለሦስት ትውልድ በከተማ ሱቅ ከፍቶ ጫማ ለብሶ የኖረ ቤት አጥንቱ ቢቆጠር «ንጹሕ» ሆኖ ይወጣል፤ ተጋላጭ ጂን ቢኖረውም እግሩ አፈር ስላልነካው አልታየበትም። በቀዩ ተዳፋት ላይ በባዶ እግሩ የኖረው ድሃ ግን ያንኑ ጂን በእግሩ ላይ ተሸክሞ ይታያል። ስለዚህ ያ የጋብቻ ጥያቄ ደም አጣራሁ እያለ ሲያጣራ የኖረው ድህነትን ነው። የሚፈራውን ጂን አላስቀረም፤ ሊያስቀርም አይችልም፤ የድሃን ልጅ ግን ለብቻዋ አስቀርቷል።

ለዚህ ከዓለም ታሪክ የሚገኘው ማስረጃ እጅግ ግልጽ ነው። በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በፈረንሳይ፣ እንዲሁም በሰሜን አፍሪካ አገሮች ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ ድሮ ነበረ፤ ዛሬ የለም። የእነዚያ ሕዝቦች ጂን በጥቂት ትውልድ ውስጥ አልተለወጠም፤ ከታማሚ ቤት ጋር አንጋባም በማለትም አላጠፉትም። የተለወጠው እግራቸው ነው፤ ጫማ ለበሱ፤ ወለላቸውም ከአፈር ወደ ሌላ ተቀየረ። የተጋላጩ ሰው ልጅና የልጅ ልጅ ዛሬም በዚያ አለ፤ በሽታው ግን የለበትም። የጎጃም ቤተሰብ ከልጁ ማስቀረት የሚፈልገውን ነገር የሚያስቀርለት ከጫማና ከጋብቻ ክልከላ የትኛው እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚነግረው ምስክር አያገኝም።

ከሌላ ወገን የሚነሣ ተቃውሞም አለ። ጫማ ከበቃ ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም ለጂን ምርምር ምን ያደርጋል፣ በዚያው ገንዘብ ጫማ አይገዛም ነበር ወይ የሚል ነው። ክርክሩ ለበሽተኛው ከማሰብ የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን አልቀበለውም። በሰው አካል ላይ ከውጭ የሚገባ ነገርና ከውስጥ ያለ ተጋላጭነት የሚገናኙባቸው በሽታዎች ብዙ ናቸው። የአፍ ካንሰር ጥሩ ምሳሌ ነው። ትምባሆ የሚያኝክ ወይም የሚያጨስ፣ በዚያም ላይ መጠጥ የሚጨምር ሰው አደጋው ብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ይሁን እንጂ ካጨሱት ሁሉ የሚታመሙት ጥቂቶቹ ናቸው። በዚያ መስክ የሠሩ የዘረመል ሊቃውንት በአፍ ሴሎች ውስጥ ቲፒ53ን የመሰሉ ተከላካይ ጂኖች በትምባሆ እንዴት እንደሚበላሹ በማሳየታቸው ትምባሆ ምክንያት መሆኑን የሚክድ አፉን ያዘ። በዝሆኔም የሆነው ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ በካንሰሩ ጂኑ በሕይወት ዘመን የሚበላሽ ሲሆን በዝሆኔ ከውልደት የመጣ መሆኑ ነው። «ጎረቤቴ በዚያው ማሳ ላይ በባዶ እግሩ ኖሮ ምን ሆነ?» የሚለው ገበሬ መልስ ካላገኘ ጫማውን ለገበያ ቀን ማስቀመጡ አይቀርም፤ ርግማን ነው የሚለውም እምነት አይነቀልም። መልሱን የሰጠው ጂኑ ነው። ከዚህ ሌላ በሽታው የመከላከያ ኃይል ቁጣ መሆኑ መታወቁ፣ እብጠቱ ለጀመረው ሰው ወደፊት መድኃኒት የት ቦታ እንደሚፈለግ ይጠቁማል። ጫማ ብቻውን ለዚያ ሰው አይበቃውም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ከሁሉ አከብደዋለሁ፤ የዘር ምርምሩ ራሱ መገለሉን ያባብሳል የሚለውን። ይህን ያነሡት በጥናቱ የተጠየቁት የወላይታ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ዶክተር ፋሲልና ባልደረቦቻቸው ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት የአካባቢውን ሰው ፈቃድ እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ አጥንተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደሚታየው ብዙዎች የፈሩት ናሙና መስጠቱን ሳይሆን፣ ጥናቱ በሽታው በቤተሰብ የሚሄድ መሆኑን አደባባይ አውጥቶ ቤታቸውን እንዳያስጠቁር ነበር። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። «በዘር ነው» የሚለው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ቢነገር ማንኛውም የሠርግ ሽማግሌ ለመከልከያ ይጠቀምበታል። ሙሉው ዓረፍተ ነገር የሚወረሰው ለአፈር መቆጣት ነው፤ በሽታው ያለ አፈር አይመጣም የሚል ነው። በወላይታ በኋላ የተሠሩ የማስተማር ሙከራዎች ለታማሚ ቤተሰቦች ያስረዱት በዚህ መንገድ ነበር፤ ልጃችሁ ለአፈር ቁጡ የሆነ ቆዳ ይዞ ተወልዶ ሊሆን ይችላልና ከሌሎች ልጆች ቀድሞ ጫማ ይልበስ። መፍትሔው ምርምሩን መሸሸግ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ሳይቆርጡ መናገር ነው።

ጎጃም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዳር የቆመ አገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ከ51,017 ሰዎች መካከል 1,704 የዝሆኔ ታማሚዎች ተገኝተዋል፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላው አገሪቱ ተካሂዶ በዶክተር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቻቸው የተተነተነው የካርታ ሥራም ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታው ያለባቸው 345 ወረዳዎች መኖራቸውን አሳይቷል፤ የታማሚው ቁጥር አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይገመታል። ምሥራቅ ጎጃም ለሕክምናውም ፈተና መድረክ ሆኗል። በዚያ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ሙከራ፣ እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ እንቅስቃሴ ማድረግና ካልሲና ጫማ መልበስ ትኩሳት ያለውን ሕመም ሕክምናውን ገና ካላገኙት ታማሚዎች ጋር ሲነጻጸር ለአንድ ሰው በዓመት ከ23.9 ወደ 19.4 ጊዜ ዝቅ እንዳደረገው አሳየ። ቅናሹ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ለሚያርስ ሰው ግን አራት ጊዜ አልጋ ላይ አለመውደቅ ማለት ማሳው በወቅቱ ታረሰ ማለት ነው። ውሃ፣ ሳሙናና ፋሻ በጤና ኬላ ሊሰጡ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ግንደወይን ያለችበት የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳም ለዓለም ሳይንስ ባለውለታ ናት፤ በሌላ በሽታ ይሁን እንጂ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የዓይን ማዝን ለማጥፋት አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በወረዳዋ 72 መንደሮች በዕጣ ተከፋፍሎ ሲሞከር፣ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ቦታዎች የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል መቀነሱ ታየ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ወጥቶ፣ በኒጀርና በሌሎች አገሮች ለተደረጉ ትላልቅ ሙከራዎች መነሻ ሆኗል። የጎንቻ እናቶች ልጆቻቸውን ለምርመራ አቅርበው ያስገኙት እውቀት በሩቅ አገር ሕፃናትን አገልግሏል። ከወላይታ ታማሚዎች የተወሰደውም ናሙና እንዲሁ፤ ዶክተር ፋሲል ያን መረጃ ይዘው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ በቻርለስ ሮቲሚ ይመራ በነበረው የዘረመል ማዕከል ሠርተዋል፤ ስለ ኢትዮጵያውያን የተፈጥሮ ምርጫ ታሪክም ጽፈውበታል። በኋላም እዚያው አገር በፅንስ ዕድገትና በእንግዴ ልጅ ዘረመል ላይ ወደሚያተኩር ምርምር ተሻግረዋል።

ስለ ዝሆኔ የተገኘው እውቀት አሁንም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ መጽሔቶች ውስጥ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከሁሉም በላይ በጋብቻ ጊዜ ቃላቸው የሚሰማው የንስሐ አባቶች ሦስት ነገር በግልጽ አማርኛ እንዲናገሩ እጠይቃለሁ፤ ዝሆኔ አይጋባም፤ የሚወረሰው ለአፈር መቆጣት ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ በእርሻም በቤትም የሚደረግ ጫማ ያስቀረዋል። ዝሆኔ ባለበት ቤት የሚወለድ ልጅም የመጀመሪያ ጫማውን መራመድ ሲጀምር ያግኝ።